ሰዓቱን የጠበቀ እሳት

ይህችን ወረቀት ማታ ሥራ ጨርሳችሁ፣ ኩሽና ውስጥ ወይም አልጋችሁ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ እንደምታነቧት አውቃለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ያላችሁ መክብብ ምዕራፍ 3ን እና 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አስቀድማችሁ አንብቡ። የሌላችሁም አትጨነቁ፣ ታሪኩን እዚሁ እናወራዋለን።

የዛሬው ትምህርት ስለ መኪና ነው። "ደግሞ መኪና ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" እንደምትሉ ይገባኛል። እኔ ለሾፌርነት ወደዚህ አገር ሳልመጣ ጋራዥ ነበር የምሠራው፤ በእጄ ያለው እውቀት እሱ ነው። ገበሬ የሆነ ሰባኪ ስለ ዘር ይናገራል፣ እረኛ የሆነ ስለ በግ። እኔ ደግሞ ስለ ዲስትሪቢውተር ልናገር።

እስቲ ጸሎታችንን ልብ በሉት። አብዛኞቻችን ጠዋት ስንነሳ "ጌታ ሆይ፣ ጉልበት ስጠኝ" እንላለን። መልካም ጸሎት ነው። ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር አለ። ቤንዚኑ ሞልቶ፣ ባትሪው አዲስ ሆኖ፣ ሞተሩም ጤነኛ ሆኖ መኪናው አልነሳም ይላል። ባለቤቱ "ሞተሩ ሞቷል" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሲታይ ግን ኃይል አልጎደለም። እሳቱም አለ። የሚመጣው ግን ያለ ሰዓቱና ያለ ተራው ነው። እህቶቼ፣ በሕይወታችንም አንዳንዴ የጎደለን ጉልበት አይደለም። የተዛነፈው ሰዓቱ ነው። የዛሬው መልእክት ይኸው ነው።

ቮልሷን አስታውሷት

አዲስ አበባን ያየ ሁሉ ቮልስን ያውቃታል። ድብልብሏ፣ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመችው፣ ድምጿ ከሩቅ የሚለየው ቮልስዋገን። ፋብሪካው የመጨረሻዋን በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ አምርቶ አቁሟል። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አሮጌዎቹ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላቸውም። የእሳቱን ሰዓት የሚጠብቅላቸው ከጀበና የሚያንስ አንድ ዕቃ ነው፤ ስሙ ዲስትሪቢውተር፣ በአማርኛ "አከፋፋይ" ማለት ነው።

ሥራውን በአጭሩ ላስረዳ። ቮልስ አራት ሲሊንደር አላት። በእያንዳንዱ ውስጥ ፒስቶን ይመላለሳል፤ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያንን ያምቃል፣ ሲቀጣጠል ኃይል ይሰጣል፣ በመጨረሻ ጭሱን ያስወጣል። እሳት የሚያስፈልገው የታመቀ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው። ኮይል የሚባለው ዕቃ የባትሪውን 6 ወይም 12 ቮልት ተቀብሎ ከ10,000 ቮልት በላይ ያደርገዋል። ዲስትሪቢውተሩ ክዳን ውስጥ ሮተር የምትባል ትንሽ ክንድ ትዞራለች፤ ያንን ኃይል በአራቱ ገመዶች በኩል ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ታደርሳለች። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢውተሩ በግማሹ፣ 1,500 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር አራት ብልጭታ ስለሚሰጥ በደቂቃ 6,000 ይሆናል። ይህ ማለት በሴኮንድ መቶ ብልጭታ ነው! አንዷም ከሰዓቷ ዝንፍ ማለት የለባትም።

አንድ ነገር አስተውሉ። ዲስትሪቢውተር የራሱ ኃይል የለውም። ኃይሉ ከባትሪው ነው። የእሱ ሥራ የተቀበለውን፣ ለሚገባው፣ በሰዓቱ ማድረስ ነው። ከእናንተ መካከል ደሞዟን ተቀብላ ለአራት ለአምስት ሰው የማታከፋፍል ማን አለች? እንግዲያው ሁላችንም አከፋፋዮች ነን። ዲስትሪቢውተር እንዴት እንደሚገጠም መማር ለእኛ ጨዋታ አይደለም።

1ኛ. መጀመሪያ ትክክለኛውን ጫፍ ፈልግ

ዲስትሪቢውተር ወጥቶ እንደገና ሲገባ፣ መካኒኩ ከዲስትሪቢውተሩ አይጀምርም። ከሞተሩ ይጀምራል። የ1ኛው ሲሊንደር ፒስቶን ጫፍ ላይ እስኪደርስ ሞተሩን በእጁ ያዞራል። ፊት ለፊት ባለው ፑሊ ላይ የተፋቀ ምልክት አለ፤ ያ ምልክት ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከሚገናኙበት መስመር ጋር ሲገጥም ፒስቶኑ ከጫፉ አጠገብ ነው።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያ ምልክት በአንድ ሙሉ ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዴ ፒስቶኑ ሲያምቅ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። ምልክቱ ያው ነው። በዓይን ብታየው ልዩነት የለውም። በአንደኛው እሳት ብትሰጠው መኪናው ይነሳል፤ በሁለተኛው ብትሰጠው ግን አይነሳም፣ አንዳንዴም በካርቡራተሩ በኩል "ጧ!" ብሎ ያስደነግጥሃል።

ታዲያ በምን ይለያል? መካኒኩ የ1ኛውን ካንዴላ ይፈታና ቀዳዳው ላይ ጣቱን ያደርጋል። ሞተሩ ሲዞር አየሩ ጣቱን ወደ ውጭ ከገፋው ያ የማመቂያው ጊዜ ነው። ካልገፋው ግን ምልክቱ ቢገጥምም ጊዜው አይደለም፤ አንድ ዙር ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ነው ዲስትሪቢውተሩ የሚገባው፤ ሮተሯም በአፉ ጠርዝ ላይ ወደተፋቀችው ትንሽ ምልክት፣ ማለትም ወደ 1ኛው ትይዛለች።

እህቶቼ፣ በእኛም ላይ ምልክቶች ይመጣሉ። ደላላ ይደውልና "ሌላ አገር ደሞዙ እጥፍ ነው፣ ጊዜው አሁን ነው" ይላል። አንዱ "አገር ቤት ግቢ፣ ሥራ አለ" ይላል። ሌላዋ ጓደኛ "እኔ ወጥቻለሁ፣ አንቺም ውጪ" ትላለች። ምልክቱ ትክክለኛ ይመስላል። ግን ጣትሽን አድርገሽ አይተሻል? ወረቀት አለው? አድራሻው ይታወቃል? ከዚህ በፊት በዚያ በኩል የሄደች፣ የምታምኛት እህት አለች? መክብብ ምዕራፍ 3 ለእያንዳንዱ ነገር የተወሰነ ጊዜ አለው ብሎ ያስተምረናል። ግን ጊዜ አለው ማለትና ጊዜው አሁን ነው ማለት አንድ አይደሉም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ አባቶቻችን!

አንድ ሌላም አለ። የቮልስ ዲስትሪቢውተር ታችኛው ምላሱ ከመሐል ወደ አንድ ጎን የወጣ ነው። ስለዚህ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚገባው። ጀማሪ አልገባ ሲለው በመዶሻ ሊመታው ይፈልጋል። ዋናው መካኒክ ግን ሮተሯን በቀስታ ያዞራል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ በራሱ ክብደት ጸጥ ብሎ ይገባል። እግዚአብሔር ያዘጋጀልሽን ቦታ በመዶሻ መምታት የለብሽም። ጸልዪ፣ ጠይቂ፣ በቀስታ ዙሪ።

2ኛ. ተራ ይጠበቅ

ሲሊንደሮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብለው ቢቆጠሩም እሳት የሚያገኙት በዚያ ቅደም ተከተል አይደለም። የቮልስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ሮተሯ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ትዞራለች፤ መካኒኩ ከምልክቱ ጀምሮ ገመዶቹን በዚሁ ተራ ይሰካል። ሁለቱ ገመዶች ቢቀያየሩ የተጎዳው አንድ ሲሊንደር ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም እሳታቸውን ያለጊዜው ያገኛሉ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ በማርሚታው በኩል ይተኩሳል፣ ኃይልም ያጣል። የጠፋ ነገር የለም፤ ገመዱም እሳቱም አለ። ተራው ነው የተዛባው።

አሁን ደሞዝ የምትልኪበትን ቀን አስቢ። እናት መድኃኒት አለባቸው። ታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ አለበት። ቤቱ ቆርቆሮ ይፈልጋል። አክስት ልጇን ልትድር ነው። ብዙዎቻችን የምንልከው እንዴት ነው? መጀመሪያ ለደወለ፣ ወይም አብዝቶ ላለቀሰ። ይህ ተራ አይደለም። እናትየው ዝም ስላሉ መድኃኒቱ ቀርቶ፣ ድምፁ የጮኸው ሞተር ብስክሌት ይገዛበታል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ በኢየሩሳሌም ማኅበር ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ተነስቶ ነበር። ምግብ ሲታደል አንዳንድ መበለቶች ይዘለሉ ነበር። ሐዋርያቱ ነገሩን ዓለማዊ ነው ብለው አላለፉትም። ጥሩ ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው እደላውን ሥርዓት አስያዙት። ማከፋፈል መንፈሳዊ ሥራ ነው፣ ሥርዓትም ይፈልጋል። ስለዚህ ወረቀት ውሰጂ። ገመዶችሽን ቁጠሪ። የትኛው በዚህ ወር፣ የትኛው በሚቀጥለው፣ የትኛው በዓመት አንዴ እንደሆነ ጻፊ። ለቤተሰብም በስልክ አንብቢላቸው። "ተራሽ በጥቅምት ነው" የተባለች አክስት መጀመሪያ ብታኮርፍም ኋላ ትረዳሻለች።

ከገመዶቹ አንዱ የአንቺ ነው። ይህን አደራ አትርሺ! አራት ሲሊንደር ያላት መኪና አንዱ ካንዴላ ቢነቀልባት በሦስቱ ትሄዳለች፤ ግን እየተንቀጠቀጠች ነው፣ ዳገትም ላይ ትለግማለች። ለሁሉም ልካ ለራሷ ምንም ያላስቀረች እህት በሦስት ሲሊንደር እየሄደች ነው። ኮንትራቷ አልቆ ቦሌ ስትደርስ ያኔ ዳገቱ ይመጣል። በራስሽ ስም የምትቆጥቢው ጥቂት ገንዘብ ስስት አይደለም። የሞተሩ አንድ አራተኛ ነው።

3ኛ. የሚዘጋበት ጊዜ

በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ኮንታክት የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ጫፎች አሉ። ሲዘጉ ኤሌክትሪክ ወደ ኮይሉ ይገባና ይጠራቀማል። ሲከፈቱ ያ የተጠራቀመው በአንዴ ይፈነዳና ብልጭታ ይሆናል። ስለዚህ ብልጭታው የሚመጣው ሲከፈት ቢሆንም፣ ጥንካሬው የሚወሰነው ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ነው።

መካኒኩ ዲስትሪቢውተሩን በሰዓቱ ላይ ከማስቀመጡ በፊት ይህንን ይለካል። ኮንታክቱ በደንብ ሲከፈት በመካከሉ ያለው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በስስ ብረት ይለካና በካቻቪቴ ያስተካክለዋል። ክፍተቱ ከበዛ ኮንታክቱ ተዘግቶ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ኮይሉ ሳይሞላ ይጠየቃል። ቀስ ብሎ ሲሄድ ላይታወቅ ይችላል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ብልጭታው ይደክማል፣ ሞተሩም ይቋረጣል።

ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ እህት ይህ ይገባታል። ሁልጊዜ ክፍት፣ ሁልጊዜ የምትጠራ። ልጁ ሲያለቅስ እሷ፣ እንግዳ ሲመጣ እሷ። ከዚያ አንድ ቀን ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል፣ በትንሹ ነገር ታለቅሳለች፣ "ምን ነካኝ?" ትላለች። እህቴ፣ እምነትሽ አልደከመም። ኮይሉ ነው ያልሞላው።

ነቢዩ ኤልያስን ተመልከቱ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ በበረሃ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ይለምናል። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፣ "ጸሎትህን አብዛ"ም አላለውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው። የአርባ ቀኑ መንገድ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለታላቁ ነቢይ እንቅልፍና እንጀራ ካስፈለገው ለእኛማ!

ይህን በዓለም ሕግ ፊትም መጠየቅ ነውር አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖራት ይላል። ብዙዎቻችን ይህን እንደማናገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የሚገባሽ መሆኑን እወቂ። ሙሉ ቀን ባታገኚ እንኳ ያገኘሻትን ሰዓት በስልክ አትጨርሺያት። በሯን ዝጊና ተኚ። ያች የተዘጋች ሰዓት የነገዋ ብልጭታ ናት።

4ኛ. የቀደመና የዘገየ

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ቤንዚን ለመቀጣጠል ጥቂት ጊዜ ስለሚፈጅበት እሳቱ የሚሰጠው ፒስቶኑ ጫፍ ሳይደርስ ነው። ምን ያህል ቀድሞ የሚለው እንደ ሞተሩ ዓይነትና ዓመት ይለያያል፤ በአንዳንዱ ቮልስ 7.5 ዲግሪ፣ በአንዳንዱ 10 ዲግሪ ነው። መካኒኩ ፑሊውን በዚያ ምልክት ላይ ያቆማል። የዲስትሪቢውተሩን ማቀፊያ ብሎን ያላላል። ትንሽ አምፖል ወስዶ አንዱን ሽቦ ከኮይል ወደ ዲስትሪቢውተር በሚሄደው መስመር ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያደርጋል። ቁልፉን ይከፍታል። ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ያዞረዋል። ከዚያ በጣም በቀስታ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አምፖሉ ብልጭ ባለበት ቦታ ቀጥ ያደርገዋል። ሰዓቱ ያ ነው።

እሳቱ ከሚገባው በላይ ከቀደመ ፒስቶኑ ገና ሲወጣ ፍንዳታው ይመታዋል። ሞተሩ ውስጥ ብረት በብረት የሚመታ ይመስላል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ቶሎ ትግላለች፤ ችላ ከተባለ ፒስቶን እስከመብሳት ይደርሳል። ከዘገየ ደግሞ ድምፅ የለውም። መኪናው ይሄዳል። ግን ኃይል የለውም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሞተሩም በዝምታ ይግላል።

የቀደመውን እናውቀዋለን። ማዳም በእንግዳ ፊት ተቆጥታ ባለችበት ሰዓት የደሞዝ ጥያቄ ማንሳት እውነት ቢሆንም የቀደመ እሳት ነው። ያው ቃል ቤቱ ጸጥ ባለበት ጠዋት፣ በአክብሮት፣ የወራቱን ቁጥር ይዞ ሲነገር ይሰማል።

ስለ ዘገየው ግን በስብከታችን ብዙ አንናገርም። ስለዚህ ዛሬ ልናገረው። "ታገሺ፣ ሁሉም ያልፋል" እያልን አንዳንድ እህቶቻችንን በዝምታ አቃጥለናል። ትዕግሥት በሰዓቱ መናገርን ይጨምራል። ሦስት ወር ያልተከፈለች እህት አራተኛውን ዝም ብላ መጠበቅ የለባትም። ድብደባ ካለ፣ ክብረ ነክ ነገር ካለ፣ ምግብ ከተከለከለች፣ ይህ ከቶ የሰዓት ጥያቄ አይደለም። አምፖሉ በርቷል። ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ የቆንስላውን ስልክ አስቀድመሽ በቃልሽ ያዢ፣ ለኅብረታችን እህቶችም አሳውቂ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

5ኛ. ብሎኑን አጥብቅ፣ ተመልሰህም እይ

ሰዓቱ ከተገኘ በኋላ የማቀፊያው ብሎን ይጠብቃል። ላልቶ ከቀረ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ዲስትሪቢውተሩ በራሱ ይዞራል፣ የተለፋበት ሥራም ከንቱ ይሆናል። ከጸሎትና ከምክር በኋላ የወሰንሽውን ነገር እንዲሁ አጥብቂ። "ሁለት ዓመት ሠርቼ እገባለሁ" ብለሽ ከወሰንሽ፣ በእያንዳንዱ የስልክ ጥሪ አይዙር።

ቢሆንም አንዴ የጠበቀ ለዘላለም አይደለም። የኮንታክቱ መግፊያ በአጠቃቀም ብዛት ይበላል። ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሰዓቱም ቀስ በቀስ ይዘገያል። ማንም አልነካውም፣ ማንም አላጠፋም፤ መሥራቱ ብቻውን ያዛንፈዋል። ስለዚህ መካኒክ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከፍቶ ያየዋል። እኛም እንዲሁ ነን። ወደ ኅብረት የምንመጣው ስለበደልን ብቻ አይደለም። መሥራት ስለሚያዛንፍ ነው። ወጥታ መምጣት የማትችለው እህትም በስልክ ትጸልይ፤ ሁለት ሆነንም ቢሆን ክፍተቱን እንለካ።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ ሦስት ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። ከገመዶቼ ተራው የተዛባው የትኛው ነው? ኮይሌ የሚሞላበት ሰዓት አለኝ? መናገር ኖሮብኝ ያዘገየሁት፣ ወይም ችዬ ልቆይ ሲገባኝ ያስቀደምኩት ምንድን ነው? መልሱን ለአንዲት እህት ንገሩና አብራችሁ ጸልዩ።

እንጸልይ። ጊዜያትን ሁሉ በእጅህ የያዝህ አምላክ ሆይ፣ ጉልበት ሰጥተኸናል፣ እናመሰግንሃለን። አሁን ሰዓቱን አስተምረን። የምንልከው በተራው ይድረስ። የደከሙትን እንደ ኤልያስ አብላቸው፣ አስተኛቸውም። ዝም ያሉት ሊናገሩ በሚገባበት ቀን አንደበት ስጣቸው። የሚጠብቁን ሁሉ በሰላም ይቆዩን፣ እኛንም በሰላም ለአገራችን አብቃን። አሜን።

ወንድማችሁ፣ ከሾፌሮቹ አንዱ